የዘገየው ድምፅ

ይማርሽ ነገሩን የሰማችው አድብታ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጓዳውን መስኮት ከፍታ የማታውን ሳህን ስታጥብ፣ ባሏ ቃለሕይወት ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ለሠላሳና ለአርባ ቱሪስት ሲያስረዳ የኖረ አስጎብኚ ግን ሹክ ሲልም ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «አዎ አለቃ፣ ልጃቸው ስለሆንኩ እኮ ነው የምናገረው» ይላል። «ቴሌቪዥኑን መቆጣት ጀምረዋል። አንድ ሰው እያወራ ሁለት ነው፣ አንደኛው ይዘገያል እያሉ ወለሉን በመቋሚያ ይደበድባሉ። ከዚህ በኋላ ማኅሌት ይምሩ ማለት በሰው ፊት እሳቸውን ማዋረድ ነው። ዛሬ ከሰዓት ከቄስ አዳም ጋር ብቅ በሉና በዐይናችሁ እዩ።» ይማርሽ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ውሃው በክንዷ ላይ ወርዶ ክርኗ ሲደርስ ነው ነቃ ያለችው።

የሚወራባቸው ሰው፣ አማቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፣ በዚያው ሰዓት ሳሎን ውስጥ የተለመደችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። አርባ አንድ ዓመት በደብራቸው ማኅሌት የመሩ፣ ከሁለቱ ረድፍ ካህናት አንዱ ትንፋሹን ቢያስቀድም ማን እንደሆነ ዞር ሳይሉ የሚያውቁ ሰው፣ ከመስኮታቸው ማዶ ስማቸው ሲነሣ አልሰሙም። ወይም ይማርሽ አልሰሙም ብላ አሰበች። ለሰኔ ዐሥራ ሁለት፣ ውቅሮቹን ላነጹት ቅዱስ በዓል፣ ሦስት ቀን ቀርቷል። ያን ሌሊት መሪጌታ ካልመሩ ሌላ ቀን ይመራሉ የሚል ሰው በከተማው አይገኝም። በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜ ከማኅሌት ቁጭ በል የተባለ ሰው ዳግመኛ ተነሥ አይባልም።

ይማርሽን ሳህኑን አስይዞ ያስቀራት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛውን ድምፅ እሷም ትሰማዋለች።

ነገሩ የመጣው ለቴሌቪዥኑ ከተገዛው ድምፅ ማጉያ፣ ከሳውንድ ባሩ ጋር ነው። ጦርነቱ መጥቶ ሄዶ፣ ቱሪስቱ ግን እንደሄደ ቀርቶ፣ ቃለሕይወት ሁለት ዓመት ያህል ቤት ሲውል አንድ ሆቴል አዳራሹን ዘጋና ዕቃውን ሸጠ። ቃለሕይወት ከዚያ ውስጥ ክንድ ተኩል የምትረዝም ጥቁር ሳውንድ ባር በዐሥራ አራት ሺህ ብር ገዝቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ ይዞ ገባ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ፈገግ ብሎ ወደ ቤቱ የገባው ያን ቀን ነው። የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ቡፌውን ከፈተ። ይማርሽ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣቸውን ብርጭቆዎች ወደ ላይኛው መደርደሪያ አሳልፋ ባዶ አደረገችለት፤ ዕቃውም ከመስታወቱ በስተጀርባ ገባ። አቧራ እንዳይነካውም ብላ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ማታ ሦስት ጓደኞቹን ጠርቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ግድግዳው በዘይት ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ምንጣፉ ባለፈው ክረምት አይጥ በልቶት የተጣለ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሞላው። «ሲኒማ ቤት ነው እኮ!» አሉ ጓደኞቹ፤ ቃለሕይወትም አለ።

በሦስተኛው ቀን ይማርሽ ዜና ስታዳምጥ የዜና አንባቢዋ ቃል ሁሉ ጭራ እንዳወጣ ታዘበች። ሴትዮዋ «ደረሰ» ስትል ሌላዋ ከኋላ ሮጣ «ደረሰ» ትላለች፤ ዐይን ጨፍነው እስኪገልጡ ባለው ጊዜ ነው ልዩነቱ። ራሷን አመማትና ጓዳ ገባች። ለባሏ አልነገረችውም። ምን ብላ? ይህን ያህል ዘመን ባዶ እጁን ሲገባ የኖረ ሰው በእጁ ይዞት የገባውን አንድ ነገር ደግሞ ተበላሽቷል ትበለው? በሳምንቱ መሪጌታ ራሳቸው ተናገሩ። ቃለሕይወት ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጆሮውን ደገነ፤ ያን ዕለት ድምፁ አንድ ብቻ ሆኖ አረፈው። «አባባ፣ ሰው ሲያረጅ ጆሮም ያረጃል» ብሎ ሳቀ። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌው የማኅሌት ሥርጭት ሲተላለፍ «ዘገየ! ዘገየ አንተ!» እያሉ በመቋሚያቸው ወለሉን ሲመቱ ጎረቤት ይሰማል። ጎረቤቷ የትናየት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አማትሽ ቴሌቪዥኑን ዜማ ያስተምሩታል አሉ» ስትላት ይማርሽ ፈገግ አለች። ያች ፈገግታዋ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጣታለች። ወሬ ደግሞ አጥር አይገድበውም፤ በግንቦት ልደታ ማኅሌት ከበሮ መቺው ሲቀድም መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙ። ዱሮም ያስቆሙ ነበር፤ ዱሮ ግን «አይ ጆሮ!» ተብሎ ይደነቅ ነበር። በግንቦት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ቃለሕይወት ስልኩን ዘግቶ ወደ ከተማ ወጣ። ይማርሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ገበያው ዳገት ወጣች። የአሸተን ተራራ ጫፍ በደመና ተሸፍኗል፤ ሰኔ ገብቷልና መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ መሄድ ጀምሯል። ጠጋኙ ሸዕባን ሱቁ ውስጥ አንድ ዲሽ ሪሲቨር ገንጥሎ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። አባቱ ሰዓት አዳሽ ነበሩ፤ እሱ ሰዓት የሚያስር ሰው ሲጠፋ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ይማርሽ የመጣችበትን ነገረችው፤ አለቃና ቄሱ ከሰዓት እንደሚመጡም አልደበቀችውም። ሸዕባን ሪሲቨሩን ከጉልበቱ አነሣ። «ወላሂ ለመሪጌታ ከሆነ ይሄ ይቆይ» አለና ተከተላት።

መሪጌታ የእግሩን ኮቴ ሰምተው ከደጃፍ ሳያልፍ «ይህ የሰዓት አዳሹ ልጅ ነው፣ የአባቱን አረማመድ ይሄዳል» አሉ። ሸዕባን ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ስለ አባቱ ጥቂት አወሩ፤ አባቱ የጠገኑላቸው የኪስ ሰዓት ዛሬም እንደምትሠራ መሪጌታ ነገሩት። ከዚያ ሸዕባን ወደ ሳሎኑ መካከል ገብቶ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከግድግዳው ላይ ተንጫጭቶ ተመለሰ። «ይህ አንዱ ነው፤ ቤቱ ራሱ ይመልሳል፤ ምንጣፍና መጋረጃ ያስፈልገዋል» አለ። ቡፌውን ከፈተ፤ ዳንቴሉን አይቶ ሳቁን ዋጠ፤ ሳውንድ ባሩን አውጥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠ። ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ድምፁ ጠራ፤ ጭራው ግን አለ። አንዴ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዴ ወደ ባሩ ጆሮውን እየሰጠ ቆየና ዞሮ ጠየቀ፤ «ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚል፣ ወይስ አንዳንድ ቀን?»

«አንዳንድ ቀን ነው» አለች ይማርሽ። «መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። መሪጌታ ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ያልሰማ ሰው መቼ መቼ እንደሚሰማ ከየት ያውቃል? ዞር ብላ አላየቻቸውም። መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያሳልፉ ሰማች።

ሸዕባን ግን ጣቱን አጮኸ። እጇን እንድትሰጠው በምልክት ጠየቃትና መዳፏን በቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከታች በኩል እንድታሳርፍ አደረጋት። ይርገበገባል። «ይኸውልሽ። ሳውንድ ባር ሲገጠም ቴሌቪዥኑ የራሱን አፍ መዝጋት አለበት። ይሄ አልዘጋም፤ ሁለቱም ይናገራሉ። ባሩ ደግሞ ድምፁን በገመድ ተቀብሎ አላምጦ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ትንሽ ይዘገያል። መሪጌታ አንዱ ይዘገያል ካሉ እውነታቸውን ነው።» ሪሞቱን አንሥቶ እያሳያት ማዘዣው ውስጥ ገባና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማጉያ ዘጋ። መዳፏ ሥር የነበረው ንዝረት ጸጥ አለ። የዜና አንባቢዋ አንድ ሰው ሆነች። «ተመስገን፤ ብቻዋን ቀረች» አሉ መሪጌታ ከወንበራቸው። ሸዕባን ግን ገና ተንፈስ አላለም። ይህ ቴሌቪዥን መብራት በሄደ ቁጥር የታዘዘውን እንደሚረሳ፣ ተመልሶ አፉን እንደሚከፍት ነገራት፤ ቃለሕይወት በሞከረ ጊዜ አንድ ሆኖ የተገኘውም ራሱ ቃለሕይወት ሪሞቱን ሲነካካ ሳያውቅ ዘግቶት እንደሚሆን ገመተ። ነገ ሌላ ዓይነት ገመድ ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ። እስከዚያው በየትኛው ቁልፍ ገብታ እንደምትዘጋው ሦስት ጊዜ አስደገማት። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደርሶበት ተነሣ። ስንት ነው ብትለው መሪጌታን አየት አድርጎ «ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ይበቃኛል» አለ። መሪጌታም «ያባትህን ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁት።

ቃለሕይወት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ይማርሽ ጓዳ ጠርታ ሁሉንም ነገረችው፤ የእሷን መስማት ሲቀር። ቃለሕይወት የጓዳውን ጥግ ጥጉን እያየ ሰማት። «ታዲያ አሁን ተሠራ አይደል?» አለ በመጨረሻ። «ተሠራ።» «እንግዲያስ ተይው። ሰዎቹን ጠርቻለሁ። አባባ ልክ ናቸው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የገዛሁት ዕቃ ነው ልበላቸው?» ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ግን እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ቆመው ባለፈው ጥር ጉልበታቸው ከድቷቸው ደግፌ ነው ያወጣኋቸው። አንቺ አላየሽም። ሕዝቡ መካከል ቢወድቁስ?» ዐይኑ ውስጥ የነበረው ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ይማርሽ ያን ጊዜም የቀረውን ውጣ ሳህኖቿን መደርደር ጀመረች። ዝም ማለት ለምዶባታል።

የደብሩ አለቃ ወርቅአገኘሁና ቄስ አዳም ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ጾመ ሐዋርያት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚቀምስ የለምና የሚቀርብላቸው ነገር አልነበረም። ሰው እጁ ላይ ብርጭቆ ከሌለ ዝምታው ይረዝማል። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ፍላቂት በኩል ገብስ ዘሪው መሬቱ ረጥቦለት ደስ እንዳለው፣ የጤፍ ዋጋ ግን ከሰሞኑ አልቀመስ ማለቱን። ስለ መጡበት ጉዳይ ማንም አይጀምርም። ቃለሕይወት ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ተወው፤ ድምፁ አንድ ነበር፣ መሪጌታም በሰላም ያዳምጡ ነበር። ይማርሽ ከጓዳው ደጃፍ ቆማ ልቧ ቀለል አለላት። እንዲህ ከቀጠለ አለቃ ምንም ሳያዩ ይሄዳሉ፣ እሷም ምንም ሳትናገር ታልፋለች ብላ ተስፋ አደረገች።

ከአሸተን በኩል ነጎድጓድ ወረደና መብራቱ ድርግም አለ። ጨለም ባለው ሳሎን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁሉም ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራቱ ተመለሰ፤ ቴሌቪዥኑም ራሱ ተከፈተና ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። መሪጌታ አንገታቸውን አቀኑ። «ይኸው» አሉ። «ተመልሶ ሁለት ሆነ።»

ቃለሕይወት አለቃን አየ፤ አለቃ ቄስ አዳምን አዩ። ቄስ አዳም ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የምሰማው አንዲት ሴት ነው» አሉ በቀስታ፤ ሊያሳዝኗቸው ስላልፈለጉ ይበልጥ ቀስ ብለው። አለቃም ወንበራቸውን ወደ መሪጌታ ጠጋ አደረጉ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ለዚህ ደብር ያልከፈሉት የለም። ዘንድሮ ለበዓሉ ቁጭ ብለው ቢባርኩን ምን ይመስልዎታል? ግራ ጌታው ይምራ፣ እርስዎ ደግሞ...» ጨርሰው አልተናገሩም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው መካከል አወጡና በቀስታ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው፣ ግድግዳውን አስደግፈው አቆሙት። አርባ አንድ ዓመት ከእጃቸው ያልተለየ ዕቃ ነው። ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ይማርሽ ያን እጅ አይታ መቆም አልቻለችም። «እኔም እሰማዋለሁ» አለች።

ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። ቃለሕይወት «ይማርሽ» አላት፤ አላቆመችም። መሬት መሬት እያየች መካከል ገባች። «አለቃ፣ አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስቲ ይነሡና እጅዎን እዚህ ያኑሩ።» አለቃ ግራ እየገባቸው ተነሡ፤ መዳፋቸውን በቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከዚያ በሳውንድ ባሩ ላይ አሳረፉ። ሁለቱም ይርገበገባሉ። ይማርሽ ሪሞቱን አንሥታ ሸዕባን ያስደገማትን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካች፤ አንድ ጊዜ ተሳስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። «አንድ» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። አለቃ እጃቸውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ መለሱ፤ ጸጥ ብሏል። መልሳ ከፈተችው። «ሁለት» አሉ መሪጌታ። ዘጋችው። «አንድ።» በአራተኛው ጊዜ፣ መልሳ ስትከፍተው፣ አለቃ ራሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ ታየ። «እውነት ነው እኮ! ከኋላ የሚከተል አለ!» አሉ። ቄስ አዳም አሁንም አንዲት ሴት ብቻ ይሰሙ ነበር፤ ግን ነገሩ ገባቸውና አፈሩ።

«መቼ ነው የሰማሽው ልጄ?» አሉ አለቃ።

«ዕቃው በመጣ በሦስተኛው ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

ይማርሽ ሪሞቱን ቴሌቪዥኑ ሥር አኖረች። ቃለሕይወት ጫማውን ያያል። አለቃ የሁለቱንም ፊት አዩ፤ ሽማግሌ ናቸውና ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ግድግዳው ጥግ ሄደው መቋሚያውን አነሡና በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለመሪጌታ አቀበሉ። «ለሰኔ ዐሥራ ሁለት ሌሊት እንጠብቅዎታለን። ጉልበት ከደከመ የሚደግፍ አይጠፋም» አሉ። ቃለሕይወት እንግዶቹን ሊሸኝ ወጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ይማርሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ መሪጌታ እግር ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሰማ ነበር፤ ዝም ብዬ ነው ያዋረድኩዎ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምሬ አውቃለሁ። ያ ሁለተኛው ሲመጣ እግርሽ ወደ ጓዳ ይሄድ ነበር። አንድ በሚሆንበት ቀን ቁጭ ብለሽ ታዳምጫለሽ።»

ይማርሽ ቀና ብላ አየቻቸው። እንባዋን መያዝ አልቻለችም። «ታዲያ እሷም ትሰማለች ብለው ለምን አልተናገሩም? ያን ሁሉ ሲሉዎት?»

«ከባልሽ ጋር ላጣላሽ?» አሉ መሪጌታ። እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ፤ ከባድና ሞቃት እጅ ነበር። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መሪጌታ ጆሯቸውን ወደ ደጃፉ ዘንበል አደረጉ። ይማርሽም አዳመጠች፤ ከጠብታው በቀር የሰማችው የለም።

«መጥቷል» አሉ በሹክሹክታ። «በሩ ላይ ቆሟል፤ ፈርቶ ነው። ተነሽና ግባ በይው።»